ዳንኤል ኦኮነል፦ የድሃው መራጭ ጠበቃ (1775—1847)



ዛሬ በብዙ አገሮች ሰው ድምፁን ሲሰጥ ከመጋረጃ ጀርባ ብቻውን ይቆማል። ማንን እንደ መረጠ ከእርሱና ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ የለም። ይህ ሥርዓት ተራ ነገር ይመስለናል፤ ዳሩ ግን ብዙ ድሆች ዋጋ ከፍለውበታል። ከሁለት መቶ ዓመታት ገደማ በፊት በአየርላንድ አንድ ገበሬ ለመምረጥ ሲሄድ በአደባባይ ቆሞ፣ የሚያርሰው መሬት ባለቤት ወይም ወኪሉ እየሰማ፣ የመረጠውን ሰው ስም በአፉ መናገር ነበረበት። ጸሐፊውም የገበሬውን ስም ከነምርጫው በመዝገብ ያሰፍር ነበር። ገበሬው ወደ ቤቱ ሲመለስ ጎጆው ቆማ ታገኘው እንደሆነ የሚወስነው ያ የተናገረው ስም ነበር።

በዚህ ጽሑፍ ሕይወቱን በአጭሩ የምንተርክለት ዳንኤል ኦኮነል እንዲህ ያሉ ገበሬዎች ያለ ፍርሃት እንዲመርጡ የታገለ ሰው ነው። ካቶሊክ ምእመን፣ ጠበቃና የልጆች አባት ነበረ። ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ብላ አላወጀችውም፤ በሕይወቱም ግልጽ ስሕተቶች ነበሩበት። ሆኖም ለእኛ ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ከድሉም ከስሕተቱም የምንማረው አለ። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልደቱና አስተዳደጉ

ዳንኤል በኦገስት 6 ቀን 1775 በአየርላንድ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ በኬሪ አውራጃ፣ ካሄርሲቪን በምትባል ከተማ አጠገብ ተወለደ። ያ ጊዜ በአገራችን ዘመነ መሳፍንት የነበረበት ነው። ቤተሰቡ ከጥንታውያን የአየርላንድ ባላባቶች የሚወለድና በካቶሊክ እምነቱ የጸና ነበር። በአካባቢው ልማድ መሠረት ሕፃኑ ለአንድ ድሃ እረኛ ቤተሰብ በማደጎ ተሰጥቶ እስከ አራት ዓመቱ ገደማ በእነርሱ ጎጆ አደገ፤ አፉን የፈታውም በድሆቹ ቋንቋ በአይሪሽ ነበር። ከዚያ በኋላ ልጅ ያልነበረው ባለጸጋ አጎቱ ሞሪስ ኦኮነል ደሪናን ወደሚባለው ቤቱ ወስዶ አሳደገው።

በዚያ ዘመን አየርላንድ በእንግሊዝ ዘውድ ሥር ነበረች። ከሕዝቧ እጅግ የሚበዛው ካቶሊክ ሲሆን መሬቱና ሥልጣኑ ግን በአብዛኛው የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን አባላት በሆኑት ጥቂቶች እጅ ነበር። የቅጣት ሕጎች የሚባሉት ድንጋጌዎች ካቶሊኮችን ለረጅም ጊዜ መሬት ከመግዛት፣ ትምህርት ቤት ከመክፈት፣ በሕግ ሙያ ከመሥራትና ከመምረጥ ከልክለዋቸው ኖሩ። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ከእነዚህ ሕጎች ብዙዎቹ አንድ በአንድ ቢነሡም ዋነኛው በር እንደ ተዘጋ ቀረ። ካቶሊክ በፓርላማ ሊቀመጥ አይችልም ነበር። ወደ ፓርላማ የሚገባ ሁሉ የቅዳሴን መሥዋዕት፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን አማላጅነት ጣዖት አምልኮ ነው ብሎ በመሐላ እንዲያረጋግጥ ይጠየቅ ነበርና።

አጎቱ ዳንኤልን በ1791 ለትምህርት ወደ ፈረንሳይ ላከው። ወጣቱ በሰንት ኦሜርና በዱዌ በነበሩት የካቶሊክ ኮሌጆች ተማረ። ነገር ግን የፈረንሳይ አብዮት እየተፋፋመ ሄዶ ንጉሥ ሉዊስ 16ኛ በሞት በተቀጡበት በጃንዋሪ ወር 1793 ከወንድሙ ጋር አገሪቱን ለቆ ለመሸሽ ተገደደ። በ1798 ደግሞ በገዛ አገሩ ዐመፅ ተነሥቶ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ሲያልቅ ተመለከተ። ከእነዚህ ሁለት ነገሮች በልቡ የተተከለው እምነት እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየውም፤ የፖለቲካ ነጻነት በሰው ደም መገዛት የለበትም የሚል ነበር።

ጠበቃው

ኦኮነል በለንደንና በደብሊን ሕግ አጥንቶ በ1798 የጥብቅና ፈቃድ አገኘ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአየርላንድ ስሙ የገነነ ጠበቃ ሆነ። ይሁን እንጂ ካቶሊክ በመሆኑ ከእርሱ በዕውቀት ያነሱት ወደ ከፍተኛው የጥብቅና ማዕርግ ሲያልፉ እርሱ ባለበት ቀረ። በ1802 የሩቅ ዘመዱን ሜሪ ኦኮነልን አገባ። ጥሎሽ ያላመጣችውን ልጅ በማግባቱ አጎቱ ክፉኛ ተቆጡ፤ ጋብቻው ግን በፍቅርና በመተሳሰብ የጸና ነበር።

በወጣትነቱ በዘመኑ የነበሩትን የፈላስፎች መጻሕፍት እያነበበ እምነቱ ላልቶ ነበር። በኋላ ግን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በሙሉ ልቡ ተመለሰ። ከሁሉ ይልቅ ሕይወቱን ያናወጠው በ1815 የደረሰበት ነገር ነው። የደብሊንን ከተማ ምክር ቤት በአደባባይ ንግግር በመዝለፉ ዴስቴር የተባለ የምክር ቤቱ አባል በሽጉጥ እንዲገጥመው ጠየቀው። ኦኮነል የጊዜውን የክብር ልማድ ተከትሎ ገጠመው፤ ዴስቴርም ቆስሎ ሞተ። ኦኮነል በዚህ ኃጢአት ዕድሜውን ሙሉ ተጸጸተ። ውሎ አድሮም እንዲህ ያለውን ግጥሚያ ፈጽሞ ላለመቀበል ወሰነ፤ ለሟቹም ልጅ መርጃ ገንዘብ ይከፍል ነበር። ደም ማፍሰስን አጥብቆ የሚቃወመው ሰው የገዛ እጁ ደም እንዳፈሰሰ እያሰበ ይኖር ነበር ማለት ነው።

የአንድ ፔኒ ኃይል

በ1823 ኦኮነል ከጓደኞቹ ጋር የካቶሊክ ማኅበርን መሠረተ። በመጀመሪያ አባላቱ የተማሩና ገንዘብ ያላቸው ጥቂት ሰዎች ነበሩ። በ1824 ግን ማኅበሩን በሙሉ የለወጠ አሳብ አመጣ፤ ማንኛውም ድሃ በወር አንድ ፔኒ ብቻ እያዋጣ አባል እንዲሆን ተደረገ። መዋጮው በየቁምስናው በካህናቱና በተመረጡ ምእመናን አማካይነት በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይሰበሰብ ጀመር። የድሃ ሳንቲም ተጠራቅሞ ብዙ ገንዘብ ሆነ። ከገንዘቡ የሚበልጠው ግን ሌላ ነበር። አንድ ፔኒ ያዋጣ ጭሰኛ ጉዳዩ የራሱ ጉዳይ መሆኑን ተረዳ፤ እንደ እርሱ ያሉ እልፍ ወንድሞች እንዳሉትም አወቀ።

የአርባ ሺሊንግ መራጮች

ቀጥሎ የሆነውን ለመረዳት ስለዚያ ዘመን የምርጫ ሕግ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። በ1793 በወጣው ሕግ በዓመት አርባ ሺሊንግ፣ ማለትም ሁለት ፓውንድ የሚያወጣ ይዞታ ያለው ካቶሊክ የመምረጥ መብት አግኝቶ ነበር። ለዕድሜ ልክ በውል የተያዘ መሬትም እንደ ይዞታ ይቆጠር ነበርና ባለርስቶች ብዙ ጭሰኞችን በዚህ ዐይነት ውል አስፈረሙ። ይህን ያደረጉት ለድሃው አዝነው አልነበረም፤ የጭሰኛው ድምፅ የባለርስቱ ድምፅ ስለ ነበረ ነው። በምርጫ ቀን ወኪሉ ጭሰኞቹን እንደ መንጋ ነድቶ ወደ ምርጫው ከተማ ይወስዳቸዋል፤ እነርሱም ጌታቸው ያዘዘውን ስም ይጠራሉ። እምቢ ያለ ጭሰኛ ውዝፍ የመሬት ኪራዩን በአንድ ጊዜ እንዲከፍል ይጠየቃል፤ ያንን ካልቻለም ከመሬቱ ይባረራል። ስለዚህ ሕጉ መብት ሰጥቶአል፤ ፍርሃት ግን ያንኑ መብት መልሶ ይነጥቀዋል።

በ1826 በዋተርፎርድ አውራጃ ያልታሰበ ነገር ሆነ። በዚያ ለረጅም ጊዜ የገነነው የቤረስፎርድ ቤተሰብ ሲሆን የካቶሊኮችን መብት አጥብቆ ይቃወም ነበር። ካቶሊኮቹ ቪልየርስ ስቱዋርት የተባለውን፣ መብታቸውን የሚደግፈውን ወጣት ፕሮቴስታንት ባለርስት ደገፉ። ጭሰኞቹም አደባባይ ወጥተው በጌቶቻቸው ፊት የስቱዋርትን ስም ተናገሩ፤ ቤረስፎርድም ተሸነፈ። በሌሎች አንዳንድ አውራጃዎችም እንደዚሁ ሆነ።

የባለርስቶቹ በቀል አልዘገየም። ውዝፍ ኪራይ በድንገት ተጠየቀ፤ ከመሬታቸው የተባረሩም ነበሩ። እዚህ ላይ የኦኮነል ማኅበር ያደረገው ሥራ ከዋተርፎርድ ድል ያላነሰ ነው። አዲስ መዋጮ ተከፍቶ፣ ድምፃቸውን በነጻ በመስጠታቸው ለተጐዱ ጭሰኞች ዕዳ መክፈያና መቋቋሚያ እንዲውል ተወሰነ። ጀግና ሁን ብሎ ድሃን ወደ ፊት መግፋት ቀላል ነው፤ ያ ድሃ በጀግንነቱ ምክንያት ሲራብ አብሮት መቆም ግን የእውነተኛ መሪ ምልክት ነው።

የክሌር ምርጫ

በ1828 በክሌር አውራጃ የማሟያ ምርጫ ተደረገ። የአውራጃው እንደራሴ ቬዚ ፊትዝጄራልድ አዲስ የሚኒስትርነት ሹመት ስላገኘ በሕጉ መሠረት እንደገና መመረጥ ነበረበት። ፊትዝጄራልድ የካቶሊኮች ጠላት አልነበረም፤ እንዲያውም መብታቸውን የሚደግፍና የተወደደ ባለርስት ነበር። ሆኖም የገባበት መንግሥት መብቱን የሚከለክል ስለ ነበረ ማኅበሩ ሊቃወመው ወሰነ። ኦኮነልም ራሱ ለመወዳደር ቀረበ። ጠበቃ ነውና ሕጉን መርምሮ አንድ ነገር አስተውሎ ነበር፤ ሕጉ ካቶሊክ በፓርላማ እንዳይቀመጥ ከለከለ እንጂ እንዳይወዳደር አልከለከለም።

የአውራጃው ባለርስቶች ከሞላ ጐደል ሁሉም ከፊትዝጄራልድ ጋር ተሰለፉ። በጁላይ መጀመሪያ ሕዝቡ ካህናቱን አስቀድሞ፣ ቅጠል ይዞ በብዙ ሺህ ወደ ኤኒስ ከተማ ጐረፈ። መንግሥት ሁከት ይነሣል ብሎ ሠራዊት አዘጋጅቶ ነበር። ነገር ግን ሕዝቡ መጠጥ እንዳይቀምስ፣ ጠብ እንዳያነሣ ተማክሮ ነበርና ከተማይቱ በሰላም ዋለች። ጭሰኞቹ አንድ በአንድ ቀርበው፣ ጌቶቻቸው እየሰሙ የኦኮነልን ስም ጠሩ። ቈጠራው ሲያበቃ ኦኮነል 2,057፣ ፊትዝጄራልድ 982 ድምፅ አገኙ።

የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ዌሊንግተንና ሚኒስትራቸው ሮበርት ፒል የክሌር ነገር በመላው አየርላንድ እንደሚደገም ተረዱ፤ የእርስ በርስ ጦርነት እንዳይነሣም ፈሩ። ለብዙ ጊዜ ሲቃወሙት የኖሩትን ሕግ ራሳቸው ለፓርላማ አቀረቡ። በኤፕሪል 13 ቀን 1829 የካቶሊኮች ነጻነት ሕግ ጸደቀ። ኦኮነል ግን ከሕጉ በፊት የተመረጠ ነውና በሜይ ወር ፓርላማው ፊት ሲቀርብ አሮጌውን መሐላ እንዲምል ተጠየቀ። ጽሑፉን አንብቦ፣ እውነት ያልሆነውን አልምልም ብሎ በእርጋታ መለሰው። ወደ ክሌር ተመልሶ በጁላይ ያለ ተቃዋሚ እንደገና ተመረጠ።

ያልተከፈለው ዕዳ

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለን ነበር። ነገር ግን የነጻነቱ ሕግ በወጣበት ቀን ሌላ ሕግ አብሮት ወጣ። ለመምረጥ የሚያበቃው ይዞታ ከሁለት ፓውንድ ወደ ዐሥር ፓውንድ ከፍ አለ። በአየርላንድ አውራጃዎች ከ200,000 በላይ የነበረው የመራጮች ቍጥር ከ40,000 በታች ወረደ። በዋተርፎርድና በክሌር ጌቶቻቸውን ሳይፈሩ የመረጡት የአርባ ሺሊንግ ጭሰኞች፣ ባስገኙት ድል ማግስት የመምረጥ መብታቸውን ተነጠቁ። ለባለጸጋው ካቶሊክ የፓርላማው በር ተከፈተ፤ በሩን በትከሻው ገፍቶ የከፈተው ድሃ ግን ከደጅ ቀረ።

ኦኮነል በዚህ ነገር ከወቀሳ አያመልጥም። በ1825 ተመሳሳይ አሳብ ሲቀርብ ተስማምቶ ነበር፤ ከዋተርፎርድ ምርጫ በኋላ ግን ተጸጽቶ፣ ነጻነቱ በጭሰኞቹ መብት የሚለወጥ ከሆነ እንደማይቀበለው በአደባባይ ቃል ገባ። በ1829 ሕጉን በቃል ቢቃወምም በሙሉ ኃይሉ አልታገለውም። ለብዙዎች የሚጠቅም ነገር ሲገኝ የጥቂት ድሆችን መብት መሥዋዕት ማድረግ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ከዚህ እንማራለን። ያውም እነዚህ ድሆች ጥቂቶች አልነበሩም።

ኦኮነል በፓርላማ ውስጥ መፍትሔው የቱ እንደሆነ ተናግሮአል። በ1830 የመምረጥ መብት እንዲሰፋና ድምፅ በምስጢር እንዲሰጥ የሚጠይቅ አሳብ አቀረበ፤ ግን የደገፉት ጥቂቶች ነበሩ። በምስጢር ድምፅ የመስጠት ሕግ በብሪታንያና በአየርላንድ የጸደቀው እርሱ ከሞተ ከ25 ዓመታት በኋላ፣ በ1872 ነው።

ስለ ካህናቱ

እኛን ካህናትንና መምህራንን የሚመለከት አንድ ጥያቄ ደግሞ አለ። የዘመኑ ተቃዋሚዎች፣ ጭሰኛው ከባለርስቱ ፍርሃት ወጥቶ በካህኑ ፍርሃት ሥር ወደቀ እንጂ ነጻ አልወጣም ብለው ከሰሱ። ክሱ በሙሉ እውነት አልነበረም፤ ጭሰኛው ኦኮነልን የመረጠው ጉዳዩ የራሱ በመሆኑ ነው። ባለርስቱ እንጀራውን ሲነጥቀው ካህኑ መከራውን አብሮት ተካፍሎአል። ሆኖም በሙሉ ሐሰትም አልነበረም። ከሕዝቡ አሳብ ተለይተው ለባለርስቱ ወገን ድምፅ የሰጡ ሰዎች በወገኖቻቸው ዘንድ ይናቁና ይሰደቡ ነበር፤ አንዳንድ ካህናትም መንፈሳዊ ሥልጣናቸውን ለምርጫ ክርክር ተጠቅመዋል።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ባወጣቸው ሰነዶች ሰው በኅሊናው ጉዳይ ሊገደድ እንደማይገባው፣ ዜጎችም ድምፃቸውን በነጻነትና ለጋራ ጥቅም መስጠት መብታቸውና ግዴታቸው መሆኑን አስተምሮአል። ስለዚህ የመምህር ሥራ ኅሊናን ማብራት ነው፤ በኅሊና ፈንታ መወሰን አይደለም። ፍትሕን፣ እውነትን፣ ለድሃ ማዘንን እናስተምራለን፤ የትኛውን ስም እንደሚጠራ ግን ለምእመኑ እንተውለታለን። ከእኛ የተለየ ስም የጠራ ጎረቤትም ወንድማችን እንደሆነ ይቀራል።

የመጨረሻ ዘመኑ

ኦኮነል በቀረው ዕድሜው ለራሱ ወገን ብቻ አልተከራከረም። የአይሁድ መብት እንዲከበር ደገፈ፤ የባሪያ ንግድንና ባርነትን አጥብቆ ተቃወመ፤ በአሜሪካ ያሉ ደጋፊዎቹ ቅር ቢሰኙበትና ገንዘባቸው ቢቀርበት እንኳ ባርነትን ከማውገዝ ወደ ኋላ አላለም። በ1841 የደብሊን ከንቲባ ሆነ። አየርላንድ የራሷን ፓርላማ መልሳ እንድታገኝ በ1843 በየአውራጃው እጅግ ታላላቅ ሰላማዊ ስብሰባዎችን አደረገ። በኦክቶበር ወር በክሎንታርፍ ሊደረግ የነበረውን ስብሰባ መንግሥት ከልክሎ ጦር ሲያሰልፍ፣ ሕዝቡ እንዳያልቅ በማሰብ ስብሰባውን ሰረዘ። ብዙ ወጣቶች ፈሪ ነው ብለው ተለዩት። ይህም ሆኖ በ1844 ታስሮ ከጥቂት ወራት በኋላ ፍርዱ ተሽሮለት ወጣ።

በ1845 የጀመረው ታላቁ ረኀብ ሕዝቡን ሲፈጀው ልቡ ተሰበረ። በ1847 መጀመሪያ በደከመ፣ ለመስማት በሚያስቸግር ድምፅ ለተራበው ወገኑ ፓርላማውን ለመጨረሻ ጊዜ ለመነ። ከዚያም ወደ ሮም መንፈሳዊ ጉዞ ጀመረ፤ ነገር ግን ሳይደርስ በሜይ 15 ቀን 1847 በጣሊያን አገር በጄኖቫ ከተማ ዐረፈ። እንደ ፈቃዱ ልቡ ወደ ሮም ተወሰደ፤ ሥጋው በአገሩ በደብሊን፣ በግላስኔቪን መካነ መቃብር ተቀበረ። ይህ መካነ መቃብር ሁሉም በየእምነቱ ሥርዓት እንዲቀበርበት እርሱ ራሱ በ1832 እንዲከፈት የደከመበት ነው።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ የኦኮነልን ስም ታሪክ መዝግቦታል። በኤኒስ አደባባይ ጌታው እያየው ስሙን የጠራለትን ጭሰኛ ግን የምናውቀው በቍጥር ብቻ ነው፤ ከ2,057ቱ አንዱ ነው። ሁለቱም ያስፈልጉ ነበር፤ ያለ ጭሰኛው ድፍረት የጠበቃው አንደበት ከንቱ በሆነ ነበር። ድምፅ በምንሰጥበት ቀን ያንን ሰው እናስበው። ማንንም በዛቻ፣ በጥቅም ወይም በስድብ አናስገድድ፤ ከእኛ በተለየ መንገድ መርጦ የተጐዳ ቢኖርም ደጁን እናንኳ።

ኅሊናን የሰጠን እግዚአብሔር በእውነትና ያለ ፍርሃት እንድንመርጥ፣ የወንድማችንንም ኅሊና እንድናከብር ጸጋውን ያድለን። አሜን።